ሽፋኑ በኋላ ይደርሳል ላልከኝ ልጅ፣ ለጓደኞችህም

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የጀመረውን መጋዝ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ስክሮል ሶው የሚሉት ነው፤ ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ ጌጥና ፊደል የሚቆርጥ። ክንዶቹን ከጠንካራ እንጨት አውጥቷቸዋል። መታጠፊያቸው ላይ ኩሽኔታ አስገብቷል። በሱ ዕድሜ እኔ ከሠራሁት በጣም ይሻላል። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ጋሼ፣ የሚዞረውን ክፍል ሽፋን አሁን ልሥራው ወይስ ማሽኑ መሥራቱን ካየሁ በኋላ ይደርሳል?»

ይደርሳል የምትለው ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ።

እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ ማሽኑን ለመግዛት አቅም የለኝም። ከአሮጌ ልብስ ማጠቢያ የወጣ ሞተር አገኘሁ። በደቂቃ 1400 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ለእንጨት ክንድ ይህ ይበዛበታል። ስለዚህ ሞተሩ ላይ ትንሽ ፑሌጃ (ቺንጋ የሚጠመጠምበት ክብ)፣ ክንዱን በሚያንቀሳቅሰው ሌላ ዘንግ ላይ ደግሞ እጥፍ የሚሆን ፑሌጃ አድርጌ በቺንጋ አገናኘኋቸው። ወደ 700 ወረደልኝ። ከዚያ በዚሁ ዘንግ ጫፍ ላይ ባለው ዲስክ ላይ፣ ከመሃሉ 10 ሚሊ ሜትር ወጣ አድርጌ አንድ ቡሎን አሰርኩ። ከቡሎኑ የሚነሳው ዘንግ የታችኛውን ክንድ የሚገፋው ከምላጩ ሥር ስለነበር፣ ምላጩ 20 ሚሊ ሜትር ይመላለስ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ምላጭ መበጠስ ብቻ ሆነ ሥራው። ሞተሩን ረገምኩ። ምላጩን ረገምኩ። ጥፋቱ ግን የላይኛው ክንድ ከታችኛው በ4 ሚሊ ሜትር መርዘሙ ነበር። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ምላጩ በየምቱ አንዴ ይወጠራል፣ አንዴ ይላላል፤ በመጨረሻ ይበጠሳል። ይህን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ለሽፋን አንድ ቁራጭ ላሜራ ለማጠፍ ግማሽ ቀን አላገኘሁም።

ከትምህርት ቤት መልስ የሚመጣ አንድ የጎረቤት ልጅ ነበር። መጀመሪያ ቆሞ ያይ ነበር። ቀስ በቀስ ንድፍ መገልበጥ፣ ከዚያም መቁረጥ ፈቀድኩለት። እጁ ወርቅ ነበር። ብዙ ሰው ምላጩን ይገፋል፤ እሱ ኮምፔንሳቶውን በእርጋታ ያዞራል፣ ምላጩ መንገዱን ራሱ እንዲያገኝ ይተወዋል። ይህን ማንም አላስተማረውም።

የዚያን ቀን እርግብ እየቆረጠ ነበር። ክንፏ ጋ ሲደርስ ሰጋቱራው ዲስኩ ላይ ተከማችቶ አየ። ማሽኑ እየሠራ፣ በግራ እጁ በጨርቅ ሊጠርገው ጎንበስ አለ። የቡሎኑ ራስ ጨርቁን ያዘው። ጨርቁ ተጠቀለለ፣ ጣቱም አብሮ ገባ። ማጥፊያው ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ነበር። ሦስት እርምጃ ይርቃል።

ልጁ አልጮኸም። ቀኝ እጁ እርግቧን እንደያዘ ነበር። የጠቋሚ ጣቱ ጥፍር የለም፣ ጫፉም ተሰብሯል።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት፣ ለእናቱ አስረከብኩት። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ሄጄ አልጠየቅኩትም። መጀመሪያ የእናቱን ዓይን ፈራሁ። አንድ ሳምንት ሲያልፍ ደግሞ መዘግየቴ አሳፈረኝ። ከወር በኋላ ልሄድ ስወስን ቤት ቀይረው ኖሯል። ጣቱ ድኖለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሽፋኑን ግን በአደጋው ማግስት ሠራሁት። ከላሜራ፣ በአራት ቪቴ። ግማሽ ቀን እንኳን አልወሰደም።

የዛሬ ልጆች የወር ሥራ በአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ታያላችሁ፤ እሱንም አፍጥናችሁ። ቪዲዮው ላይ ሽፋን አይታይም፤ ማሽኑን ስለሚደብቅ ቀረጻ ላይ ያነሱታል። እናንተም ማሽን ማለት ያ ይመስላችኋል። ችኩሎች ናችሁ እላለሁ ሁሌም። ግን እኛ ያለ ቪዲዮም ቸኩለናል። ደግሞ ይህ ልጅ ቢያንስ ጠየቀ። እኔ ማንንም አልጠየቅኩም።

ስለ መነጽርና ስለ ኤሌክትሪክ ገመድ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። የምላጩ ጥርስ ወደ ታች ይሁን። ሲወጠር በጣት ነካ አድርጉት፤ እንደ ክራር ክር ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ገና ነው። ሞተር ከመፈለጋችሁ በፊት ክንዶቹን ጨርሱና በእጅ እያንቀሳቀሳችሁ ሞክሩ። እኔ በእርግጥ ሞተሩን ባላገኝ ኖሮ ሥራውን አልጀምረውም ነበር፤ ቢሆንም የምመክረው ይህንን ነው። ማጥፊያው ከፊታችሁ ይሁን፣ ሳትነሡ እጃችሁ የሚደርስበት። በእግር የሚረገጥ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው፤ ሁለቱም እጃችሁ እንጨቱ ላይ ነውና።

አንተ ፎቶውን የላክልኝ ልጅ፣ የዲስክህን ስፋትና ቡሎኑ ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሚወጣ ለካና ጻፍልኝ። እኔ ጋ የተረፈ ላሜራ አለ። ቅዳሜ ከመጣህ አብረን እናጥፈዋለን። እስከዚያ ሞተሩን አትሰካው።