«ቻርጅ» ሲባል የትኛው ቻርጅ ነው?

በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች የምትኖሩ ወገኖቼ፣ የማናውቀው ቃል ሲያጋጥመን ቆም ብለን እንጠይቃለን፤ የምናውቀው የመሰለንን ግን ሳንጠይቅ እንፈርምበታለን። ለዚህ ነው «ቻርጅ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እንድታዩት የምመክራችሁ። ስልካችንን ቻርጅ ስለምናደርግ ቃሉ የራሳችን ያህል ሆኖብናል፤ ነገር ግን ባንክ፣ ሆስፒታልና ፍርድ ቤት ውስጥ የሚናገረው ጉዳይ የተለያየ ነው።

ቃሉ ሥሩ ላቲን ሲሆን፣ የመነሻ ትርጉሙም ሠረገላ ላይ ጭነት መጫን ነው። ዕዳ፣ ኃላፊነት፣ ክስና የኤሌክትሪክ ሙሌት ሁሉም የሚጫኑ ነገሮች መሆናቸውን ካሰብን ዝምድናቸው ግልጽ ይሆናል። ሆስፒታል ውስጥ «ቻርጅ ነርስ» የምትባለው በዚያ ፈረቃ ሌሎቹን ነርሶች የምትመራው ናት፤ ከሒሳብ ክፍያ ጋር ግንኙነት የላትም።

በገንዘብ ጉዳይ ብዙዎችን የሚያሳስተው «ቻርጅ ኦፍ» (charge-off) ነው። አሜሪካ ውስጥ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ለ180 ቀናት ያህል ሳይከፈል ሲቀር፣ አበዳሪው በሒሳብ መዝገቡ ላይ እንደ ኪሳራ ይመዘግበዋል። ይህን በክሬዲት ሪፖርታቸው (የብድር ታሪካቸውን በሚያሳየው ሰነድ) ላይ ያዩ ሰዎች ዕዳው የተሰረዘላቸው ይመስላቸዋል፤ ዕዳው ግን እንዳለ ነው፣ ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ሊሸጥም ይችላል፣ ምዝገባውም እስከ 7 ዓመት ድረስ በሪፖርቱ ላይ ይቆያል። እንግሊዝ አገር ቤት ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ፣ በንብረት መዝገብ ላይ የሚታየው «ቻርጅ» ቤቱ በዕዳ መያዣነት መያዙን እንደሚያመለክት ዕወቁ።

ከሁሉም በላይ ሊያሳስበን የሚገባው የፍርድ ቤቱ ትርጉም ነው። በወንጀል «ቻርጅ» መደረግ መከሰስ እንጂ ጥፋተኛ መባል አይደለም፤ ስለዚህ የተከሰሰ ሰው የተፈረደበት ያህል ተስፋ ቆርጦ በችኮላ ጥፋቱን ማመን የለበትም፤ አስቀድሞ ጠበቃ ያማክር። በቤተሰብ ጠብ ፖሊስ የጠሩ ሰዎችም ክሱን መቀጠልም ሆነ ማቋረጥ በእነርሱ እጅ ያለ ይመስላቸዋል፤ በአሜሪካ ግን ክሱን የመቀጠልና የማቋረጥ ሥልጣን የዐቃቤ ሕግ ስለሆነ፣ አቤቱታ አቅራቢው ሐሳቡን ቢለውጥም ጉዳዩ ሊቀጥል ይችላል። የአሜሪካ የዜግነት ማመልከቻ ቅጽም ስለ ቅጣት ብቻ ሳይሆን ስለ መታሰርና ስለ መከሰስም ይጠይቃል። ክሱ ተሰርዞ በነጻ የተለቀቀ ሰው «የለም» ብሎ ቢሞላ፣ ያ የቀደመ ክስ ከሚጎዳው ይልቅ ሐሰተኛ መልሱ የባሰ ሊጎዳው ስለሚችል፣ ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማነጋገር ይኖርበታል።

ትርጉሙን ለመለየት ከቃሉ ጋር የሚመጡትን አጫጭር ቃላት አስተውሉ፦ «ቻርጅድ ዊዝ» አብዛኛውን ጊዜ ክስን፣ «ቻርጅድ ፎር» ክፍያን፣ «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ኃላፊነትን ያመለክታል። ይህም ካልበቃ አስተርጓሚ ጠይቁ እንጂ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ፤ እንግሊዝኛቸው የቱንም ያህል ቢያምር የሕግና የሕክምና ቃላትን ሸክም በልጅ ጫንቃ ላይ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የቋንቋ እርዳታ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው፣ ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ አስታውቁ። በደብዳቤያቸው ላይ ከአስተርጓሚው ጎን «ፍሪ ኦፍ ቻርጅ» ተብሎ ከተጻፈ፣ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ይሰጣል ማለት ነው።