እንደ ወጣ የቀረን ሰው የሚፈልግ ልቦለድ

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ በአዳማ ከተማ በመምህርነት የማገለግል ስሆን፣ ላለፉት አራት ዓመታት ከሥራ በተረፈኝ ጊዜ አንድ ምስጢራዊ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1976 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ስትሆን፣ አንድ ምሽት ከቤቱ ወጥቶ የውሃ ሽታ የሆነ ስመ ጥር ደራሲ የሥራ ባልደረባዋን ትፈልጋለች። ረቂቁን ካነበቡልኝ ጓደኞቼ አንዱ «ይህማ የበዓሉ ግርማ ታሪክ ነው» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «በዚያ ዘመን ጋዜጠኛ እንዲህ እንደ ልቡ አይመረምርም ነበር፤ አላመንኩሽም» አለችኝ። እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን መጨረሻው ነው። ሰውየው ሳይገኝ መጽሐፉ ቢያልቅ አንባቢ ተታለልኩ አይልም? ሦስት ምዕራፎች አብሬ ልኬያለሁ።

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ምዕራፎቹን ደጋግሜ አነበብኳቸው። ጽሑፍዎ መቀጠል ያለበት ነው፤ ስለዚህ የታየኝን ሳልሸሽግ እነግርዎታለሁ።

የመጀመሪያው ጓደኛዎ እውነቱን ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በታተመው «ኦሮማይ» ውስጥ ተራኪ ያደረገው ጸጋዬ ኃይለማርያምን፣ ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ለከፈተው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ የተላከውን የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከነበረው የቋሚ ተጠሪነት ሥልጣን ተነሣ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ቮልስዋገን መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ተገኘች። እንግዲህ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ፣ የጠፋ ደራሲና 1976 በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ የአማርኛ አንባቢ ልብ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። እርስዎ ግን ስሙን አንድም ቦታ አላነሡትም፤ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ በዚያው ሚኒስቴር ሥር ይተዳደር ስለነበር፣ በኮሪደሩ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ በዓሉ የማያወራ ባልደረባ አልነበረም ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ስለዚህ ስሙን አይሽሹት። ይልቁንም የእርስዎ ሰው ደራሲ መሆኑ ይቅርና መጽሐፍ ያላሳተመ፣ ፎቶግራፉ ጋዜጣ ላይ ያልወጣ፣ ምድር ቤት ተቀምጦ ፊልም የሚቆርጥ ባለሙያ ይሁን። ሁሉም ስለ ታላቁ ሰው ሲያንሾካሹክ የእሱን ስም የምታነሣ እሷ ብቻ ትሁን። ያን ጊዜ ታሪኩ የእርስዎ ይሆናል።

የሁለተኛዋ ጓደኛዎ ጥርጣሬ የበለጠ ሥራ ይጠይቃል። ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎን ይዛ የቀበሌ ሊቀ መንበር ፊት ቆማ «ሰውየው የት ደረሰ?» ብላ መጠየቋን እኔም አላመንኩም። እንዲህ ብላ ጠይቃ በማግስቱ ሥራዋ ላይ የምትገኝ አይመስለኝም። ሆኖም መጠየቅ ባትችል ማየት ትችላለች፤ በእጇ ያለውም ይኸው ነው። የሰልፍና የስብሰባ ፊልሞች፣ ከአየር የቀሩ ቁርጥራጮች፣ ሌላው የማይገባበት ግቢ የሚያስገባ መታወቂያ አላት። ሰውየው ራሱ የቆረጣቸውን ፊልሞች ደግማ እያየች ፊቱን በሕዝቡ መካከል ብትፈልግ፣ ምርመራው በዝምታ ይካሄዳል፤ ዝምታው ደግሞ ከየትኛውም ማባረር ይልቅ ያስፈራል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት አገኘሁ። በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ጋዜጠኛዋ በስቱዲዮው ስክሪን «ቀዩን ሹራቡን» አይታ ትለየዋለች። በአገራችን የቀለም ቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1977 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ጋር ተያይዞ ነው፤ በ1976 ዓ.ም. የምታየው ሹራብ ግራጫ ነው። ግን ይህን አያጥፉት፤ እጅዎ ላይ የወደቀ ሀብት ነው። በፊልሙ ላይ ከአምስት ግራጫ ሹራቦች አንዱ የእሱ ሲሆን፣ ቀይ መሆኑን የምታውቀው በእጇ የሠራችለት እናቱ ናት። ጋዜጠኛዋ ቀለሙን ለማወቅ እናቲቱ ቤት መሄድ ይኖርባታል፤ እዚያም የእናቲቱን ምሳ ዕቃ ታያለች። በዚያ ዘመን ወደ እስር ቤት ስንቅ ያመላለሱ ቤተሰቦች የሚያስታውሱት ነገር አለ፤ አንድ ቀን በሩ ላይ ያለው ጠባቂ «ከእንግዲህ አታምጪ» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ምሳ ዕቃው ሳይከፈት የተመለሰበትን ቀን ጋዜጠኛዋ ከፊልሙ ቀን ጋር ብታገጥመው፣ ማንንም ሳትጠይቅ ከግማሽ በላይ መንገድ ሄዳለች።

ወደ መጨረሻው ልምጣ። አንባቢ የሚቀየመው ሰውየው ስላልተገኘ ሳይሆን ጋዜጠኛዋ የምታውቀው ነገር ከአንባቢው ከራሱ ሲደበቅ ነው። በእኛ ዘንድ የጠፋ ሰው ትልቁ ሥቃይ ቁርጡ አለመታወቁ ነው። መርዶ ያልተነገረለት ሰው ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ እድር ድንኳን አይተክልለትም፤ ተዝካሩም አይወጣም። ሕጉም ቢሆን ዝም ብሎ አይለቅም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 154 የጠፋ ሰው ወሬው ሳይሰማ ሁለት ዓመት ሲያልፍ ባለጉዳዮች የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥላቸው ፍርድ ቤትን መጠየቅ እንደሚችሉ ይደነግጋል። ሚስቱ ማመልከቻውን ልትፈርም፣ እናቱ ደግሞ «ልጄን በወረቀት አትግደሉት» ልትል ትችላለች። በረቂቅዎ እንደ ጎረቤት ብቻ የሚተያዩት እነዚህ ሁለት ሴቶች፣ በእኔ አስተያየት ከፖሊሱ ይልቅ ሰፊ ቦታ ይገባቸዋል።

የግድ መልስ መስጠት ከፈለጉ የመጽሐፉን እኩሌታ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያድርጉት። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በ1984 ዓ.ም. ተቋቁሞ የደርግ ዘመን ሰነዶች መመርመር የጀመሩበት ጊዜ ነው። በ1967 ዓ.ም. ያረፉት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አፅም የወጣው በ1984፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረው በ1993 ዓ.ም. እንደ ነበር ካስታወስን፣ የአንድ ተራ ሰው እናት ስንት ዓመት ልትጠብቅ እንደምትችል መገመት አያዳግትም።

አሁን ባለው ረቂቅ ግን ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ስልክ ደውሎ ሁሉንም የሚናዘዝባቸውን ስምንት ገጾች ያውጧቸው። ሙያዋ ዜና መንገር የሆነ ሴት በአየር ላይ ልታውለው የማትችለውን አንድ ወሬ ይዛለች። እንደ ባህላችን መርዶ የሚነገረው ማልዶ ነው፤ ብቻዋን፣ ሽማግሌ ሳታስከትል፣ ገና ሳይነጋ የእናቲቱ በር ላይ ትቁም። ታንኳኳ ወይስ ትመለስ የሚለውን እርስዎ ይወስኑ፤ ምዕራፉን ሲጨርሱ ይላኩልኝና አነባለሁ።