የጣና ዳርቻ በእግርና በብስክሌት፦ ለአንባቢያን ጥያቄ መልስ

ጥያቄ፦ ባለፈው ኅዳር ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ አቅጣጫ ሐይቁን ታክከን በብስክሌት ስንሄድ እንፍራንዝ ወንዝ ሳንደርስ ጎማው በጭቃ ታጅሎ አልዞር አለን። መሬቱ ላዩን ደረቅ ነበር። መቼ ብንሄድ ይሻላል? ብስክሌቱስ ምን ይደረግለት? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ ኅዳር ለዚያ መንገድ ገና ነው። ጣና የሚሞላው ዝናቡ ሲበረታ ሳይሆን ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች የሰበሰቡትን አምጥተው እስኪጨርሱ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ ውሃው ቀስ እያለ ይሸሽና በግንቦትና በሰኔ መግቢያ ከሁሉም ወር ዝቅ ይላል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ዳርቻው ሜዳ በሆነበት ቦታ ግን ይህችው ሰፊ መሬት ስትሸፍንና ስትገልጥ ትከርማለች። ስለዚህ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሂዱ። ከዚያ በፊት ዋናውን መንገድ አትልቀቁ።

ያስቸገራችሁ ዋልካው፣ ጥቁሩ የሚያጣብቅ አፈር ነው። ላዩን ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፤ ሥሩ ግን እርጥበቱን ለሳምንታት ይዞ ይቆያል። ብስክሌቱን ከመንገድ ከማውጣታችሁ በፊት ጣታችሁ የሚያህል ጥልቀት ቆፍራችሁ ከሥር አንድ ቁንጥር አፈር አውጡ። በመዳፋችሁ መካከል አድርጋችሁ እንደ ጧፍ አሹት። ሳይቆራረጥ እርሳስ ያህል ከቀጠነ ጎማ ላይ ይጣበቃል፣ ተመለሱ። እየተፈረፈረ እንቢ ካለ ይነዳበታል። አሥር ደቂቃ ከሄዳችሁ በኋላ ደግሞ ሞክሩት፤ ወደ ደንገሉ፣ በውሃው ዳር ወደሚበቅለው ረጅም ቄጠማ፣ በቀረባችሁ ቁጥር አፈሩ ይለወጣል።

ብስክሌቱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ፓራፋንጎውን ፍቱ። ከዝናብ ይከላከላል እንጂ በዋልካ ላይ ጭቃ የሚታሰርበት እሱ ነው። በጎማውና በሹካው መካከል ጣት በነፃነት የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር። ከሌለ ቀጠን ያለ ጎማ አስገቡ። ለ26 በ1.95 ጎማና 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሣርና በደረቅ አፈር ላይ ከ35 እስከ 40 ፒኤስአይ ነፋስ ይበቃል። ከ30 በታች ካወረዳችሁት ጎማው ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው ከቸርኬው ጋር ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። እሾህ ከሆነ የወጋው ቀዳዳው አንድ ነው። ያን ጊዜ አዲሱን ከመነዳሪ ከማስገባታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ዳብሱት። በእርሻዎቹ አጥር አጠገብ የወደቀ እሾህ አይጠፋም፤ የተሰበረው ጫፍ ጎማው ውስጥ ቀርቶ ያንኑ ቀን ደግሞ ይበሳዋል። ማስቲሽ፣ ለጥፍ፣ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፒንሳና ፓምፕ ከእጃችሁ አይለዩ። ከከተማ ከወጣችሁ ጎሚስታ የለም።

ጭቃ ከያዘው በኃይል አትርገጡ። ካቴናው ይጎተትና ማርሽ ቀያሪው የተንጠለጠለበት ብረት ይሰበራል፤ እሱ ከተሰበረ ብስክሌቱን እየገፉ መመለስ ነው። ወርዳችሁ በጠፍጣፋ እንጨት ጥረጉ። ሐይቅ ውስጥ ነድቶ ማጠብም ልማድ ሆኗል፤ ውሃው በቸርኬውና በፔዳሉ እምብርት ገብቶ ግራሱን ያወጣዋል። ቤት ስትደርሱ በጆግ ከላይ እያፈሰሳችሁ እጠቡ፣ ካቴናውን በጨርቅ አድርቁ፣ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጋችሁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ትርፉን ጥረጉት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታስገቡ፤ በውስጡ ያለው የብረት ዝቃጭ ካቴናውን ይበላዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባሕር ሸሹ ባዶ መሬት አይደለም። ውሃው እንደሸሸ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህ ማለት ግን ታጥሮ ሰው የተከለከለበት ፓርክ ነው ማለት አይደለም። ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁና ታንኳ ሠሪው የሚኖሩበት ነው። ቡቃያ ባያችሁበት ወርዳችሁ በወሰኑ ላይ ብስክሌቱን ግፉ። ከመነሳታችሁ በፊትም መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ቀን ከአካባቢው ሰው አጣሩ።

ጥያቄ፦ በደንገሉ ዳር በእግር ስሄድ ጉማሬ እፈራለሁ። መኖሩን በምን አውቃለሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መፍራትዎ ልክ ነው። ጉማሬ አመሻሽ ላይ ሣር ሊግጥ ከውሃ ይወጣል፣ ሳይነጋ ይመለሳል። አደጋው የሚከፋው በእሱና በውሃው መካከል ሲገኙ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊትና ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ከደንገሉ ይራቁ።

ምልክቱ ግልጽ ነው። ደንገሉ ተጋድሞ እንደ ዋሻ የተከፈተ መንገድ ያያሉ፤ አፉ ላይ በአራት ጣት የታተመ ኮቴ አለ። ፋንድያው በአንድ ቦታ አይከመርም፤ በጭራው እየመታ ስለሚበትነው ቁጥቋጦው ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ሣሩም በመቀስ የተስተካከለ ይመስላል። ፋንድያው እርጥብ ከሆነ ዞር ይበሉ። ካዩት 100 ሜትር እንኳ ቅርብ ነው፤ ሮጦ ማምለጥ አይቻልም። ወደ ውሃ የሚወስደውን መንገድ ለቀው ወደ ጎን፣ ወደ ዛፍ ወይም ወደ ከፍታ ቀስ ብለው ይሂዱ። ማየት ብቻ ከሆነ የፈለጉት፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ከድልድዩ ላይ ሆነው መጠበቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጫማዬን አውልቄ ጥልቀት በሌለው ውሃ ብሻገር ምን ይሆናል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይሻገሩ። የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚኖረው በዚሁ ሣር በበዛበት፣ በማይፈስ ውሃ ነው። ከእሱ የሚወጣው እጭ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ይበሳል፤ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ ሲሞቅ፣ ማለትም ሰው እግሩን ማቀዝቀዝ በሚያምረው ሰዓት ነው። እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ ይልበሱ። እርጥበት ከነካዎ ወዲያው በፎጣ አጥብቀው ያድርቁ፤ ይህ ግን ዋስትና አይሆንም። ከሁለት ወር በኋላ ጤና ጣቢያ ሄደው የሰገራ ምርመራ ያድርጉ። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ያደገውን ትል እንጂ ገና ያላደገውን በደንብ ስለማይገድል ቸኩሎ መዋጥ ብዙም አይረዳም። ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ የወባ ወቅት ነው፤ እዚያ የሚያድሩ ከሆነ አጎበር ይያዙ።

ጥያቄ፦ ክሬን የሚባሉትን ረጃጅም ወፎች የት ላያቸው እችላለሁ? (ከጎንደር)

መልስ፦ በፎገራ ሜዳ፣ በሸሸርና በወላላ ረግረጎች፣ ከኅዳር እስከ የካቲት። ከአውሮፓ ክረምት ሸሽተው የሚመጡት ግራጫዎቹ ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ቀን በታጨደ ማሳ ላይ እህል ይለቅማሉ። ማሳው ላይ ሲለቅሙ ማየት ይቀላል። ብስክሌትዎን መንገድ ላይ አስቀምጠው ይቀመጡ፤ የተቀመጠን ሰው እንደ ቆመ ሰው አይሸሹም። 200 ሜትር ያህል ይራቁ፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር (ባይኖኩላር) ይያዙ። መልቀማቸውን ትተው ሁሉም አንገታቸውን ቀጥ ካደረጉ ቀርበዋቸዋልና ወደኋላ ይመለሱ።