365 የነበረው የፈረስ ጉልበት እንዴት 285 ሆነ?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ «መስል ካር» ተብለው ስለሚታወቁት የቀድሞ የአሜሪካ ጉልበተኛ መኪኖች ሳነብ፣ በእ.ኤ.አ. 1971 ሞዴል ኮርቬት (የስፖርት መኪና) ላይ የተገጠመው ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር በአንዱ ሰንጠረዥ 365፣ በሌላው 285 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ተጽፎ አገኘሁ። የእነዚህ ሞተሮች እውነተኛ ጉልበት ፋብሪካው ካሳወቀው ይበልጥ ነበር የሚሉም አሉ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ሰንጠረዦች ትክክል ናቸው፤ የተለያየው ሞተሩ ሳይሆን አለካኩ ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች እስከ 1971 ሞዴል ድረስ ያስተዋውቁት የነበረው «ግሮስ» የሚባለውን ልኬት ነው። በዚህ አለካክ ሞተሩ ብቻውን መለኪያ ማሽን ላይ ይታሰራል፤ የአየር ማጣሪያው ይነሣለታል፣ ማራገቢያውና ዳይናሞው ጉልበቱን አይሻሙትም፣ ጭሱም በማርሚታ ሳይታፈን በሰፊ ቱቦ ይወጣል። «ኔት» በሚባለው ልኬት ግን ሞተሩ መኪናው ላይ ሲገጠም የሚሸከማቸውን ዕቃዎች እንደያዘ ይለካል። የኮርቬት ሠሪ የሆነው ጄኔራል ሞተርስ በ1971 ሁለቱንም አሳትሞ ስለነበር ነው እርስዎም ሁለት ቁጥር ያገኙት፤ ከ1972 ሞዴል ጀምሮ ኔት ብቻ ቀረ።

የዚሁ ሞተር ታሪክ ብዙዎች የሚያደባልቁትን ነገር ለይቶ ያሳያል። በ1970 ኮርቬት ላይ 390 ግሮስ ነበር፤ በ1971 እርሳሱ በቀነሰ ቤንዚን እንዲሠራ ሲባል ኮምፕሬሽኑ (ሞተሩ አየርና ቤንዚኑን የሚያምቅበት መጠን) ዝቅ ስለተደረገ ወደ 365 ወረደ፣ ይህ እውነተኛ ቅነሳ ነው። ከ365 ወደ 285 የሆነው ግን በወረቀት ላይ ብቻ ነው። በ1972 ደግሞ 270 ኔት ሆነ። «ከግሮሱ ሃያ በመቶ ቀንስ» የሚለው የተለመደ ስሌትም ለሁሉም አይሠራም፤ በ1971 ኤልቲ-1 የተባለው ባለ 350 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ከ330 ወደ 275 ሲወርድ ያጣው አሥራ ሰባት በመቶ ያህል ነው፣ ኤልኤስ6 የተባለው ሌላው ባለ 454 ሞተር ግን ከ425 ወደ 325 በመውረዱ ሃያ አራት በመቶ ገደማ አጥቷል።

ፋብሪካዎች ሆን ብለው ቁጥር አሳንሰዋል የሚለውም እውነት አለው፤ ለሁሉም ሞተር ግን አይደለም። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጉልበተኛ መኪና ላይ ክፍያ ይጨምሩ ነበር፤ በድራግ ውድድርም (መኪኖች ቆመው ተነሥተው ቀጥ ባለ ሩብ ማይል መንገድ በሚሽቀዳደሙበት) መኪናው የሚመደበው ክብደቱ ለተመዘገበው የፈረስ ጉልበት ተካፍሎ ስለነበር፣ አነስ ያለ ቁጥር ይጠቅም ነበር። ፎርድ በ1968 ያወጣው 428 ኮብራ ጄት 335 ተብሎ ተመዘገበ፤ ይሁን እንጂ ጠበብ ያለ የአየር መተላለፊያ የነበረው የተለመደው 428 ቀደም ሲል ተንደርበርድ በተባለው የፎርድ መኪና ላይ 345 ተብሎ ነበር። አየር በተሻለ የሚተነፍስ ሞተር እንዴት ያነሰ ጉልበት ይሰጣል? የጄኔራል ሞተርስ ቅርንጫፍ የሆነው የሸቭሮሌ ኤል88 ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ለውድድር የተሠራ ሆኖ ሳለ 430 ሲባል፣ ለመንገድ የተሠራው ወንድሙ 435 ተብሏል። የኤል88 ጉልበት በተግባር ከ500 በላይ ነበር።

ለማሳነስ ሁልጊዜ መዋሸት አያስፈልግም፤ የሞተሩ ጉልበት ገና እየጨመረ ሳለ ቁጥሩን መዝግቦ ማቆም ይበቃል። የሸቭሮሌ ካማሮ ዜድ/28 ባለ 302 ሞተር 290 ጉልበቱ የተመዘገበው በደቂቃ 5,800 ዙር ላይ ነው፤ ሞተሩ ግን ወደ 7,000 ሲጠጋም መጎተቱን አይተውም። የ1967 ፋየርበርድ 400 (ፖንቲያክ የተባለው የጄኔራል ሞተርስ ቅርንጫፍ መኪና) ሁኔታ ደግሞ ከዚህም ይለያል። ጄኔራል ሞተርስ ለአንድ የፈረስ ጉልበት አሥር ፓውንድ ክብደት የሚጠይቅ የውስጥ ደንብ ስለነበረው፣ የካርቡሬተሩ (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ክፍል) ሁለተኛ በሮች እስከ መጨረሻው እንዳይከፈቱ የምታግድ አንዲት ትንሽ ብረት ማያያዣው ላይ ተደርጋ፣ ጂቲኦ በተባለው ሌላው የፖንቲያክ መኪና ላይ 335 የሚባለው ሞተር ፋየርበርድ ላይ 325 ተባለ። ያችን ብረት ያጠፈ ባለቤት ሞተሩ የተነፈገውን አየር መለሰለት ማለት ነው።

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ሩብ ማይሉ መጨረሻ ላይ የተመዘገበውን ፍጥነት ነው። በማይል የተለካውን ፍጥነት ለ234 ያካፍሉ፣ ውጤቱን ወደ ሦስተኛ ርቢ ከፍ ያድርጉ (ውጤቱ × ውጤቱ × ውጤቱ)፣ ከዚያም መኪናው ከነነጂው በሚመዝነው ፓውንድ ያባዙት። 3,600 ፓውንድ የሚመዝን መኪና በሰዓት 105 ማይል ከደረሰ 325 ገደማ የፈረስ ጉልበት ሠርቷል። የወሰደበትን ሰከንድ ግን አይጠቀሙ፤ የዚያ ዘመን ጎማ ሲነሣ ስለሚንሸራተት ሰከንዱ የሚለካው ከሞተሩ ይልቅ ጎማውን ነው።