ኢአርፒ ከመጀመርዎ በፊት መጋዘንዎን ይቁጠሩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሽያጭን፣ ግዢን፣ መጋዘንን፣ ደመወዝንና ሂሳብን በአንድ ቋት ስለሚያገናኘው ሶፍትዌር፣ በተለምዶ ኢአርፒ ስለምንለው፣ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የግንባታ ዕቃ አከፋፋዮች ነን። አራት መጋዘንና 48 ሠራተኞች አሉን። ሂሳባችን በፒችትሪ የሂሳብ ሶፍትዌር፣ መጋዘኑ በኤክሴልና በቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢና ወጪ በእጅ በሚጻፍበት ካርድ) ነው የሚሠራው። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ወደ ኢአርፒ ልንገባ አስበናል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከዕቃ ዝርዝራችሁ ጀምሩ። የአራቱንም መጋዘን ኤክሴል በአንድ ገጽ አምጡና በፊደል ተራ ደርድሩት። «ሚስማር 8 ሳ.ሜ»፣ «ምስማር ባለ 8» እና «ሚስማር ቁ. 8» ሦስት ቦታ ተቀምጠው ታገኛላችሁ። ኢአርፒው እነዚህን ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች አድርጎ ይይዛቸዋል። አንዱ መጋዘን «አልቋል» ሲል ሌላው ሞልቶት የሚቀመጠው፣ ግዢ ክፍሉም በእጅ ያለውን ዕቃ ደግሞ የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው። ደጋግመው የተመዘገቡትን አጥፍታችሁ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ኮድ ስጡ። ኮዱ ተራ ቁጥር ቢሆን ይሻላል፤ ዓይነቱን፣ መጠኑንና አገሩን በኮዱ ውስጥ ለመክተት የሚሞክሩ ድርጅቶች አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ኮዱ አልበቃ ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ አዲስ ኮድ የመክፈት ሥልጣን የአንድ ሰው ብቻ ይሁን።

የደንበኛ ስም የባሰ ነው። ኮምፒውተር ሀን ከሐ፣ ሰን ከሠ፣ ጸን ከፀ ጋር አንድ አድርጎ አያይም። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ደንበኛ «ጸሀይ» ተብላ ስትፈለግ አትገኝም፤ የሽያጭ ሠራተኛው እንደ አዲስ ይመዘግባታል፤ ዱቤዋ ለሁለት ተከፍሎ ከተፈቀደላት ጣሪያ በላይ ዕቃ ይወጣላታል። ስለዚህ ደንበኛንና አቅራቢን የምትለዩት አሥር አኃዝ ባለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይሁን። አንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይቀበልም ሶፍትዌሩን አስተካክሉት።

ቀጥሎ መለኪያ። ብረት በቶን ትገዛላችሁ፣ በበርጋ ትሸጣላችሁ። ባለ 12 ሚሊ ብረት በስሌት በሜትር 0.888 ኪሎ ስለሚመዝን፣ 12 ሜትር የሆነው አንዱ በርጋ 10.66 ኪሎ ግድም ነው። በዚህ ሂሳብ 20 ቶን ብረት 1,876 በርጋ ይሆናል። የመጣው ብረት ግን ከስሌቱ 3 በመቶ ቢቀልል በመጋዘኑ የሚቆጠረው 1,934 ነው። ሶፍትዌሩ በስሌት እየቀየረ ከመዘገበ፣ ማንም የማያውቀው 58 በርጋ ከመዝገብ ውጭ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ሌብነት የሚጀምረውም እንዲህ ካለው ክፍተት ነው። መፍትሔው የክምችቱን መለኪያ በርጋ ማድረግ፣ ብረቱ ሲራገፍ መቁጠር፣ የግዢውን ጠቅላላ ዋጋም በተቆጠረው በርጋ ማካፈል ነው። ሲሚንቶ ቀላል ነው፤ ኩንታሉ ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ስለሆነ ክምችቱን በከረጢት ያዙት።

ሐምሌ 1 የበጀት ዓመት መጀመሪያ ስለሆነ፣ የሰኔ 30 ቆጠራም ስለማይቀር፣ ለመጀመር የተመቸ ቀን ነው። ነገር ግን የሂሳብ ሠራተኞቻችሁ ዓመቱን የሚዘጉት፣ ከኦዲተር ጋር የሚቀመጡትና የዓመቱን ግብር የሚያሳውቁት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ባሉት አራት ወራት ውስጥ ነው። የዕቃ ዝርዝሩና ሙከራው እስከ ግንቦት መጨረሻ ካላለቀ በሐምሌ አትግቡ፤ ወደ ጥር 1 አሸጋግሩት። ስድስት ወር መዘግየት ያሳፍራል የሚሉ ባለቤቶች አሉ፤ እኛ በተዘበራረቀ መነሻ ሂሳብ ከመጀመር ስድስት ወር መጠበቅን እንመርጣለን።

የመሸጋገሪያው ቆጠራ ዕለት መጋዘኖቹን ዝጉ። የመጨረሻውን የገቢና የወጪ ሰነድ ቁጥር ጻፉና በሁለት ቡድን ለየብቻ ቁጠሩ፤ የተለያየውን ብቻ ሦስተኛ ሰው ይቁጠር። ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው ጉዞ ላይ ያለ መኪና ካለ በአንዱ ብቻ ይመዝገብ፤ በብዛት የሚረሳው ይህ ነው። ተሰብሳቢና ተከፋይ ሂሳብን በጅምላ አንድ አኃዝ አታስገቡ፤ ያልተከፈለው ደረሰኝ አንድ በአንድ ከነቀኑ ይግባ። አለዚያ ደንበኛው ሲከፍል የትኛው ደረሰኝ እንደተዘጋ ማወቅ አይቻልም። ያለፉትን ዓመታት እንቅስቃሴ ማዛወር ግን ድካሙን አያክልም። ፒችትሪው ለኦዲት ስለሚፈለግ ኮምፒውተሩን አታጥፉ፤ ለማንበብ ብቻ ክፍት አድርጋችሁ አቆዩት።

ጥያቄ፦ የሶፍትዌር አቅራቢያችን «የምትፈልጉትን ሁሉ እንሠራላችኋለን» ይላል። ሠራተኞቻችን ያቀረቡት የማሻሻያ ዝርዝር 70 ደርሷል። የትኛውን እንቀበል?

መልስ፦ ሕግ የሚያስገድደውን ተቀበሉ፤ ልማድ የወለደውን ግን መልሱ። «ፎርማችን ሁልጊዜ አራት ፊርማ ነበረው» የሚለው ልማድ ነው። በኮድ የሚሠራ ማሻሻያ ሁሉ ሶፍትዌሩ ወደ አዲስ ስሪት ሲያድግ እንደገና መፈተሽና ብዙ ጊዜም እንደገና መሠራት ስላለበት ወጪው በየጊዜው ይመለሳል።

ሕግ ከሚያስገድዳቸው ዋናዎቹ ታክስ፣ ደረሰኝና ዘመን አቆጣጠር ናቸው። 15 በመቶ የሆነው ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዘው ግብርና የደመወዝ ግብር ሰንጠረዥ ከሚጸኑበት ቀን ጋር በቅንብር ገጽ ላይ ይቀመጡ እንጂ በኮድ ውስጥ አይቀበሩ። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻል የደመወዝ ግብር ሰንጠረዡ ተለውጧል፤ ሰንጠረዡ በኮድ የተቀበረበት ድርጅት እያንዳንዱን ለውጥ ከአቅራቢው ይገዛል ማለት ነው። የጡረታ መዋጮውም (ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) እንዲሁ በቅንብር ይቀመጥ።

በቀን ጉዳይ አቅራቢውን አጥብቃችሁ ጠይቁት። አብዛኞቹ የውጭ ሶፍትዌሮች 12 ወር ነው የሚያውቁት። ሐምሌ 1 ሁልጊዜ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል የበጀት ዓመቱን ማስተካከል ቀላል ነው። ወርኃዊው መዝጊያ ግን ያስቸግራል፦ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት ወራት የሚጀምሩበት ቀንም በአንድ ይገፋል። ይህ በ2016 ዓ.ም. ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. ይመለሳል። በቋሚ ልዩነት የሚያሰላ ፕሮግራም የጳጉሜን 6ን ሽያጭ ወደ መስከረም ያስገባዋል። ስምምነቱን ከመፈረማችሁ በፊት መስከረም 1 ቀን 2016ን አስገቡና ምን እንደሚያሳይ ተመልከቱ።

የሙከራው መለኪያም ግልጽ ይሁን። ግብሩ የታወጀለትን አንድ ያለፈ ወር፣ ለምሳሌ ሚያዝያን፣ ከነሙሉ ሰነዱ አስገቡ፤ የሽያጩ፣ የግዢውና የታክሱ ድምር ካሳወቃችሁት ጋር በሳንቲም ካልገጠመ ሙከራው አላለፈም። ክፍያውን ከዚህ ጋር እሰሩት፦ ሲፈረም 20 በመቶ፣ የአሠራር ንድፉ ሲጸድቅ 20፣ የሙከራው ወር ሲገጥም 30፣ ሥራ ሲጀመር 20፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በትክክል ሲዘጉ የቀረው 10። የውሂብ ቋቱ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ)፣ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃልና ለእናንተ ተብሎ የተጻፈው ኮድ የድርጅታችሁ መሆኑም በውሉ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ የዱቄት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ኢአርፒ ከጀመርን ሦስት ወር ሆነን። ሲስተሙ የሚያሳየው ክምችትና መጋዘን ያለው ግን አይገናኙም። የመጋዘን ኃላፊያችን አሁንም የሚያምኑት ቢን ካርዳቸውን ነው። ሶፍትዌሩን እንቀይር?

መልስ፦ አይቀይሩ፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መጀመሪያ ይወቁ። የመጋዘን ኃላፊዎንም አይቆጧቸው፤ ቢን ካርዱ ስህተቱን ለማግኘት የሚረዳዎት ዋነኛ ማስረጃ ነው። አሥር ዕቃ መርጠው ቢን ካርዱንና የሲስተሙን የእንቅስቃሴ ዝርዝር ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ መጀመሪያ የተለያዩበትን ቀን ፈልገው የዚያን ቀን ሰነድ ያውጡ።

ብዙውን ጊዜ ከአራቱ አንዱን ያገኛሉ። ዕቃው ከገባ ቀናት አልፈው፣ የአቅራቢው ደረሰኝ እስኪመጣ ተጠብቆ ይመዘገባል። ወይም ምርት ክፍል በቃል ይወስድና ወረቀቱ በሳምንቱ መጨረሻ ይመጣል። ወይም ወደ ኋላ ቀን የተመዘገበ ሰነድ የተዘጋውን ወር ይቀይራል። አራተኛው በሲስተሙ ላይ ክምችቱ ከዜሮ በታች እንዲወርድ መፈቀዱ ነው፤ ይህን ዛሬውኑ ያስዘጉት። ለጥቂት ቀናት ጩኸት ይበዛል፣ መኪና በር ላይ ይቆማል፤ ግን ያልተመዘገበው ገቢ ሁሉ የሚወጣው ያኔ ነው።

በዱቄት ሥራ አምስተኛ አለ። ሲስተሙ የተፈጨውን ስንዴ የሚቀንሰው በገባለት ቀመር ነው፤ ለምሳሌ ከ100 ኪሎ ስንዴ 75 ኪሎ ዱቄት፣ የቀረው ፉርሽካ። እውነታው እንዲህ አይደለም። አፈርና እንክርዳድ ሲለቀም ክብደት ይቀንሳል፤ ከመፈጨቱ በፊት ስንዴው ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ይጨምራል። ስለዚህ ቀመሩን ለዕቅድ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ወጪውና ምርቱ በየፈረቃው ተመዝኖ ይመዝገብ፤ ልዩነቱም ለብቻው በብክነት መደብ ይታይ። ውድና ፈጣን ተንቀሳቃሽ ከሆኑት ዕቃዎች በየቀኑ አሥሩን ያስቆጥሩ። ለአራት ተከታታይ ሳምንታት ከአሥሩ ዘጠኙ ሲገጥሙ ቢን ካርዱን ማስቀረት ይችላሉ። ከዚያ በፊት አያስቀሩት።

ጥያቄ፦ አስመጪ ነኝ። ሲስተሙ የሚያወጣልኝ የዕቃ ዋጋና በእጄ የማሰላው ይለያያሉ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም ከማመንዎ በፊት ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው የምንዛሪ ሰንጠረዡ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲተው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አንድ ጊዜ የተሞላ ተመን የተረሳበት ሲስተም የዕቃዎን ዋጋ በግማሽ ያሳያል፤ በዚያ ዋጋ ከሸጡ ዕቃውን መልሰው መተካት አይችሉም። በቅድሚያ የከፈሉት በከፈሉበት ቀን ተመን፣ የቀረው ዕዳ ዕቃው የእርስዎ በሆነበት ቀን ተመን ይያዝ። ዕዳው ሲከፈል የሚመጣው ልዩነት ወደ ዕቃው ዋጋ ሳይገባ በምንዛሪ ትርፍና ኪሳራ ይመዝገብ።

ሁለተኛው ዘግይቶ የሚመጣው ወጪ ነው፦ የጂቡቲ ወደብ ክፍያ፣ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ)፣ ትራንስፖርት፣ የትራንዚተር ሂሳብ። ዕቃው ግማሹ ከተሸጠ በኋላ ሲገቡ ሸክሙ ሁሉ በቀረው ዕቃ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዕቃው ሲገባ በግምት ይያዙና ሂሳቡ ሲመጣ ያስተካክሉ። ማጓጓዣውን በክብደት፣ ኢንሹራንሱን በዋጋ ያከፋፍሉ፤ ቀረጡን ግን በጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ለየዕቃው በተጻፈው ልክ ያስገቡ። የሚወራረደው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዕቃው ዋጋ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ስሌት በብዛት የሚታየው ስህተት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ክላውድ (በኢንተርኔት የምንጠቀምበት የሌላ ድርጅት ሰርቨር) ይሻላል ወይስ ሰርቨር ቢሯችን እናስቀምጥ? መብራትና ኢንተርኔት ይቆራረጥብናል።

መልስ፦ ቅርንጫፍ ካላችሁ ክላውድ። ዋጋው በዶላር ከሆነ በየዓመቱ ምንዛሪውን ከየት እንደምታገኙ ከመፈረማችሁ በፊት ባንካችሁን ጠይቁ። በየቅርንጫፉ ከሁለቱ ቴሌኮሞች ሲም የሚቀበል ራውተር አስቀምጡ፤ ለእርሱና ለሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ይበቃል። ግንኙነት ሲቋረጥ የሚሞላ፣ ተከታታይ ቁጥር የታተመበት የወጪ ሰነድ ጥራዝ በየመጋዘኑ ይኑር፤ መስመሩ ሲመለስ በቁጥሩ ቅደም ተከተል፣ በዚያው ቀን ይግባ። ሰርቨር የምትመርጡ ከሆነ ባክአፑ በየማታው ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ፤ በየሦስት ወሩም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ያለፈውን ቀን የመጨረሻ ሽያጭ ፈልጉበት።