አደይ አበባን በግቢ ለማብቀል ከዘሩ ጀምሪ

እህቴ፣ በመስከረም ከሜዳ ከነሥሩ ነቅለሽ የተከልሽው አደይ አበባ በሳምንቱ ለምን እንደደረቀ ጠይቀሻል። የውኃ ማነስ አይመስለኝም። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ነው፤ አንዴ ከፈካ ቀሪ ሥራው ዘር ማፍራት ብቻ ስለሆነ፣ ሥሩ ሲጎዳ እንደገና ለመያዝ ጊዜም አቅምም የለውም። ተክሉን ለሜዳው ትተሽ ዘሩን ፈልጊ።

ዘሩ የሚለቀመው ቢጫው ረግፎ የአበባው ራስ ሲደርቅ ነው፤ በደጋው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር። የኑግና የሱፍ ዘመድ ነውና ከአንድ ራስ ብዙ ፍሬ ይገኛል። ሳይበተን ቁረጪው፣ በጥላ አድርቂው፣ በወረቀት ከረጢት አስቀምጪው። ፕላስቲክ እርጥበት ስለሚይዝ ያሻግተዋል።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ መርጠሽ አፈሩን ጫር ጫር አድርጊ፤ ዘሩን በትነሽ በስሱ አልብሺው። ፍግ ግን አታብዢበት! እኔ አንድ ክረምት አብዝቼበት ቅጠሉ ብቻ ገዘፈ፣ ግንዱም በነፋስ ተጋደመ። ተጠጋግቶ ከበቀለ የተወሰነውን ነቅለሽ በመካከሉ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ተዪ። ለእንቁጣጣሽ ስትቀጥፊም ጥቂቱን አትንኪው፤ የሚረግፈው ዘር በሚቀጥለው ክረምት ራሱ ይበቅልልሻል።