የአደን ጠመንጃን በዒላማ ሜዳ መፈተሽ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ለውድድር ሳይሆን ለአደን የተሠራ ተራ ጠመንጃ ምን ያህል አስተካክሎ እንደሚመታ በተኩስ ሜዳ እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል የሚለው ነው። ጉዳዩን አቅልዬ አላየውም። ሜዳ ላይ ወረቀት ስቶ የሚያልፍ ጥይት ጉዳት የለውም፤ ጫካ ውስጥ ግን ያው ስህተት አውሬን አቁስሎ ለቀናት የሚያሠቃይ ይሆናል። ስለዚህ መልሶቼን ሳላሳጥር ለማቅረብ ሞክሬያለሁ።

«ጠመንጃዬን በ100 ሜትር ርቀት በ3 ጥይት ስሞክረው ቀዳዳዎቹ በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ተሰበሰቡ። በሳምንቱ በዚያው ዓይነት ጥይት ስደግመው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ተራራቁ። ምኑ ተበላሽቶ ነው?»

ምናልባት ምንም አልተበላሸ ይሆናል። ማንኛውም ጠመንጃ ጥይቶቹን በአንድ ነጥብ ላይ አይደራርብም፤ በአንድ መካከለኛ ነጥብ ዙሪያ ይበትናቸዋል፤ አብዛኞቹ ወደ መካከሉ ቀርበው፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ራቅ ብለው ያርፋሉ። ሦስት ጥይት ብቻ ሲተኮስ ሦስቱም በአጋጣሚ ተቀራርበው ሊያርፉ ይችላሉ፤ በሌላ ቀን ደግሞ በዚያው አጋጣሚ ይራራቃሉ። በ3 ጥይት በአማካይ 3.5 ሴንቲ ሜትር የሚበትን ጠመንጃ አንድ ቀን 2፣ ሌላ ቀን 5 ሴንቲ ሜትር ቢያሳይ እጅግ የተለመደ ነገር ነው። የእርስዎም ጠመንጃ እውነተኛ ጠባይ በሁለቱ መካከል ያለ ይመስለኛል።

የጥይቱ ቁጥር ሲጨምር ስብስቡም መስፋቱ አይቀርም። በ3 ጥይት በአማካይ 3.5 ሴንቲ ሜትር የሚበትነው ይኸው ጠመንጃ በ5 ጥይት ወደ 4.5፣ በ10 ጥይት ደግሞ ወደ 5.5 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ጠመንጃው ስለባሰበት አይደለም፤ ብዙ በተተኮሰ ቁጥር ከመካከሉ ርቆ የሚያርፍ ጥይት የመገኘቱ ዕድል ስለሚጨምር ነው። በዚህም ምክንያት አንዱ የ3 ጥይት ውጤቱን፣ ሌላው የ10 ጥይት ውጤቱን ይዞ «የማን ጠመንጃ ይሻላል» ብለው ቢከራከሩ ክርክሩ ፍሬ የለውም።

እኔ የምመክረው ቢያንስ አራት ጊዜ አምስት አምስት ጥይት፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ተኩሰው የአራቱን አማካይ እንዲይዙ ነው። ከአራቱ ምርጡን ወረቀት ብቻ መርጦ ማስቀመጥ ራስን ማታለል ነው። በየወረቀቱ ጥግ ቀኑን፣ ርቀቱን፣ የጥይቱን ዓይነትና በካርቶኑ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር ይጻፉ።

«ስብስቡ የሚለካው ከየት እስከ የት ነው? "አንድ ደቂቃ" የሚሉትስ ምን ማለት ነው?»

የሚለካው በጣም ከተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች ከአንደኛው መሃል እስከ ሌላኛው መሃል ነው። የቀዳዳን መሃል በዓይን መገመት አስቸጋሪ በመሆኑ ከአንደኛው ግራ ጠርዝ እስከ ሌላኛው ግራ ጠርዝ መለካት ያንኑ ውጤት ይሰጣል። ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ለክቶ የአረሩን ውፍረት መቀነስም ይቻላል፤ ለምሳሌ .308 የሚባለው የጥይት ዓይነት አረር ውፍረት 7.82 ሚሊ ሜትር ነው። ይሁንና ወረቀት ሲበሳ ተለጥጦ ስለሚመለስ ቀዳዳው ከአረሩ ትንሽ ይጠብባል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዘዴ ይሻላል።

«ደቂቃ» እዚህ ላይ የጊዜ ሳይሆን የአንግል መለኪያ ሲሆን የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ማለት ነው። በ100 ሜትር 2.9 ሴንቲ ሜትር፣ በ200 ሜትር 5.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

«ከአምስቱ ጥይቶች አራቱ ተጠጋግተው አንዱ ብቻ ርቆ ሲወጣ፣ ያንን አንዱን ሳልቆጥረው ብተው ስህተት ነው?»

ወረቀቱን ከማየትዎ በፊት፣ ገና ምላጩ ሲለቅ «ይህንን አበላሸሁት» ብለው ከተናገሩ ሊተዉት ይችላሉ። ወረቀቱን ካዩ በኋላ ከሆነ ግን ይቁጠሩት።

በዚህ ጉዳይ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። አንድ .30-06 የሚባለውን የጥይት ዓይነት የሚተኩስ ጠመንጃ ነበረኝ፤ በየጊዜው ከአምስቱ አንዱን ጥይት ወደ ላይና ወደ ቀኝ አራት ጣት ያህል ያርቃል። እኔም እጄ ነው እያልኩ በእርሳስ አጥፌው አራቱን ብቻ እለካ ነበር። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ የድሮ ወረቀቶቼን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሳያቸው፣ ያጠፋኋቸው ቀዳዳዎች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ መሆናቸውን አስተዋልኩ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጥይት ስተኩስ በተራው ቁጥር መስጠት ጀመርኩ፤ የሚያፈነግጠው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ጠመንጃውን ጠርጌ ሳስቀምጥ በቱቦው ውስጥ የምተወው ዘይት ነበር። ወደ ሜዳ ስመጣ ደረቅ ጨርቅ አሳልፌ ዘይቱን ካወጣሁት በኋላ የመጀመሪያው ጥይት ወደ ወንድሞቹ ቀረበ፤ ሙሉ በሙሉ የተስተካከለው ግን ሳልጠርገው፣ ቀደም ሲል በተተኮሰበት ቱቦ ስተኩስ ነው።

ለአዳኝ ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይኸው የመጀመሪያው፣ ከቀዝቃዛ ቱቦ የሚወጣው ጥይት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ዕድል የለምና። ስለዚህ አንድ ወረቀት ለይተው ያስቀምጡና ሜዳ በሄዱ ቁጥር የዕለቱን የመጀመሪያ ጥይት ብቻ በእርሱ ላይ ይተኩሱ። ከስምንትና ከአሥር ቀን በኋላ ያ ወረቀት የሚነግርዎትን ነገር የትኛውም የአንድ ቀን ስብስብ አይነግርዎትም።

«ሁለቱ የመጀመሪያ ጥይቶች አንድ ላይ ያርፋሉ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ግን እየቆዩ ወደ ላይ ይወጣሉ። የማነጣጠሪያ መነጽሬን ልቀይር?»

መነጽሩን ከመቀየርዎ በፊት ቱቦውን በእጅዎ ይንኩት። የአደን ጠመንጃ ቱቦ ለመሸከም እንዲቀል ተብሎ ቀጭን ስለሚደረግ በሦስትና በአራት ጥይት ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ከሰደፉ እንጨት ጋር የሚነካካበት ቦታ ካለ ይገፋውና አቅጣጫውን ያስቀይረዋል። ጥይቶቹ ሳይበተኑ በተከታታይ ወደ አንድ ወገን መጓዛቸው ችግሩ ከዚህ እንደሚመጣ ያመለክታል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በመጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፤ መቀርቀሪያውን ከፍተው የጥይት መቀመጫውን በዓይንም በጣትም አይተው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ አንድ ወረቀት በቱቦውና በፊተኛው እንጨት መካከል አስገብተው ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጅ ይዘው ወደ መቀርቀሪያው በኩል ይሳቡት። ወረቀቱ ሳይያዝ የሚሄድ ከሆነ ቱቦው ነጻ ነው። መንገድ ላይ ከተያዘ፣ የተያዘበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። አንድ ወዳጄ ዘንድ ይህንን ስናደርግ ወረቀቱ ከእንጨቱ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ በስተግራ በኩል ብቻ ተያዘ፤ ቱቦውን ስናነሳውም በዚያው ቦታ እንጨቱ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቅ አንድ ጥፍር የሚያህል ነጥብ አገኘን። እንጨቱ በክረምት እርጥበት አብጦ ቱቦውን ከጎን ይገፋው ነበር።

ሆኖም ወዲያው መሞረድ አይጀምሩ። አንዳንድ ሠሪዎች ከእንጨቱ ጫፍ አጠገብ ቱቦውን ከሥር የሚደግፍ ጉብታ ሆነ ብለው ይተዋሉ፤ ያንን የሚያነሳ ሰው ጠመንጃውን ሊያብስበት ይችላል። መጀመሪያ በየጥይቱ መካከል በቂ ጊዜ እየሰጡ፣ ቱቦው እንዲቀዘቅዝ መቀርቀሪያውን ከፍተው እያቆሙ ይሞክሩት። በዚህ መንገድ አምስቱም አንድ ላይ ካረፉ፣ ለአደን የሚጎድለው ነገር የለም፤ ጫካ ውስጥ አምስት ጥይት በተከታታይ የሚተኩስ የለምና።

በነገራችን ላይ፣ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖችና የመነጽሩን ማሰሪያዎች በተገቢው ካቻቢቴ ማጥበቅ ከሁሉ አስቀድሞ መደረግ ያለበት ነው። «ጠመንጃዬ ተበላሸ» ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ የነበረባቸው ችግር የላላ ብሎን ነው።

«ጠመንጃውን በምን ላይ ላስደግፈው? ጠረጴዛው ላይ ቱቦውን ሳስደግፍ ጥይቱ ከፍ ብሎ ይመታል።»

ቱቦው ፈጽሞ በምንም ላይ አይደገፍ። የፊተኛው እንጨት በአሸዋ ከረጢት ላይ ይቀመጥ፤ የሰደፉ ጫፍ ደግሞ በሁለተኛ፣ አነስ ባለ ከረጢት ላይ ይሁን፤ ይህንኛውን በግራ እጅዎ በመጭመቅ ወይም በመልቀቅ ማነጣጠሪያውን ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። የማንገቻው ቀለበት ከፊት ከረጢቱ ጋር እንዳይጋጭ ይጠንቀቁ፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመታ ከረጢቱን እየጎተተ አፈሙዙን ያነሳዋል። እንጨቱ የሚያርፍበት ቦታም በየጥይቱ አንድ ዓይነት ይሁን።

ጭንቅላትዎንም በአንድ ቦታ ያሳርፉ። ብዙ የአደን መነጽሮች ለአንድ ርቀት፣ በአብዛኛው ለ100 ሜትር አካባቢ የተስተካከሉ በመሆናቸው፣ ከዚያ በተለየ ርቀት ዓይን ከመሃል ሲሸሽ መስቀለኛው መስመር በዒላማው ላይ የሚዋልል ይመስላል።

«የጥይቴ የእርሳስ ጫፍ ካዝና ውስጥ እየተጋጨ ይጨፈለቃል። ከዒላማ ያስወጣዋል?»

በአደን ርቀት የሚያመጣው ለውጥ ከሚሰጉት እጅግ ያነሰ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ፍራንክሊን ማን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ባሳተሙት ሥራቸው፣ ለዓመታት አረሮችን ሆነ ብለው እያበላሹ በኮንክሪት ላይ ከተተከለ መደገፊያ በመተኮስ ያደረጉትን ሙከራ ገልጸዋል፤ ከዒላማ ይበልጥ የሚያስወጣው የአፍንጫው (የፊት ጫፉ) ሳይሆን የመቀመጫው (የአረሩ የኋላ በኩል) ጉዳት መሆኑንም አሳይተዋል። ምክንያቱም አረሩ አፈሙዙን ሲለቅ ከኋላው የሚወጣው ጋዝ የሚገፋው መቀመጫውን ነው፤ መቀመጫው በአንድ ጎኑ ጎደሎ ከሆነ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ያጋድለዋል። የአፈሙዙ ጠርዝ መጎዳትም በዚሁ ምክንያት ክፉ ነው፤ ስለዚህ ጫፉን ትተው አፈሙዙን ይጠብቁ።

«የ150 ግሬይን ጥይት አልቆብኝ 180 ግሬይን ገዛሁ። እንደገና ማስተካከል ያስፈልገኛል?»

አዎን። ግሬይን የአረር ክብደት መለኪያ ነው፤ ክብደታቸው የተለያየ በመሆኑ ሁለቱ የሚያርፉበት ቦታ ብቻ ሳይሆን የስብስባቸው ስፋትም ሊለያይ ይችላል። ውድ ጥይት የግድ የተሻለ አይመታም፤ እያንዳንዱ ጠመንጃ የሚወደው አለ፤ ይህም የሚታወቀው በመሞከር ብቻ ነው።

«ምላጩን ስቤ ጥይቱ አልተኮሰም። ወዲያው ልክፈተው?»

አይክፈቱት። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጉ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቆዩ፤ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላልና። ተኩሶ ድምፁ ከወትሮው ደከም ያለ ከመሰለዎት ደግሞ ሌላ ጥይት አያጉርሱ፤ አረሩ ቱቦ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ስለሚችል ጠመንጃውን ባዶ አድርገው ቱቦው ክፍት መሆኑን ይመልከቱ።

«ጠመንጃዬ በ100 ሜትር በአማካይ 4.5 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሰበስበው። ለአደን ይበቃል ወይስ ልሽጠው?»

አይሽጡት። አጋዘን የሚያህል አውሬ ልብና ሳንባው ያለበት ስፍራ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። የእርስዎ ጠመንጃ በ200 ሜትር እንኳ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ስለሚሰበስብ ከዚያ ስፍራ ውስጥ በምቾት ይገባል። ቀሪውን የሚበሉት የእርስዎ እጅና ነፋሱ ናቸው። መጠነኛ የጎን ነፋስ በ100 ሜትር አንድን የተለመደ የአደን አረር ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ቢገፋው፣ በ200 ሜትር የሚገፋው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ያህል ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ካርቶን ጥይት በጠረጴዛው ላይ አያባክኑት። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወረቀት ይቁረጡ፤ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ከዚያም ተንበርክከው፣ ከዚያም ቆመው አምስት አምስት ጥይት ከ50 ሜትር ጀምረው ርቀቱን እየጨመሩ ይተኩሱ። በእያንዳንዱ አቋቋም አምስቱም ጥይቶች በወረቀቱ ውስጥ የገቡበትን የመጨረሻ ርቀት በማስታወሻዎ ይጻፉ፤ አደን ሲወጡም በዚያ አቋቋም ከዚያ ርቀት አልፈው አይተኩሱ።